የኖራ ገበያን የሚያንቀሳቅሰው ምንድን ነው? ብረቱ፣ ነዳጁ ወይስ የካርቦኑ ዋጋ?

ገበያ_ተከታታይ

ሰላም ለሁላችሁ። የጥሬ ዕቃ ገበያ እከታተላለሁ። መዳብ፣ የብረት ማዕድን፣ የድንጋይ ከሰል፣ እነዚህ ዋጋቸው በየቀኑ ይታያል፣ ግራፍ አላቸው፣ ተንታኝ አላቸው። ኖራ ላይ ስደርስ ግን ግራ ገባኝ። የምለው ግድግዳ የሚቀባበትን ሳይሆን የኢንዱስትሪውን ነው። የኖራ ድንጋይ በምድጃ ተቃጥሎ የሚወጣውን፣ ገና ውሃ ያልነካውን፣ ካልሲየም ኦክሳይድ የሚሉትን።

በዓለም ላይ በዓመት ከ400 ሚሊዮን ቶን በላይ ይመረታል። ከመዳብ ከአሥር እጥፍ በላይ ማለት ነው። ግን የለንደን የብረታ ብረት ገበያ ላይ የለም፣ ሌላም ቦታ እንደ መዳቡ በየቀኑ የሚወጣ ዋጋ የለውም። አንዱ አገር ያለው ዋጋና ጎረቤቱ ያለው ዋጋ እንኳ አይገናኝም። ሁለት ሦስት የገበያ ሪፖርት ተመለከትኩ፤ ሁሉም «ፍላጎቱ በየዓመቱ ያድጋል» ይላሉ፤ የሚሰጡት መጠን ግን እርስ በርሱ ይጋጫል።

ጥያቄዬ እንዲህ ነው። ፍላጎቱን ከምር የሚያንቀሳቅሰው ማነው? የከሰል ማመንጫዎች እየተዘጉ፣ ብረቱም ወደ ኤሌክትሪክ ማቅለጫ እየሄደ ከሆነ ኖራ መውደቅ አልነበረበትም? ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው ቶን ብዙም ሳያድግ ከ2021 ወዲህ ዋጋው ለምን ወጣ? (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በሥራው ያላችሁ ካላችሁ በደንብ አብራሩልኝ። እህታችሁ ነኝ።

ምድጃ_ዳር

ከዋጋው ልጀምርልሽ እህቴ። እሱ ካልገባ ሌላውም አይገባም።

ኖራ ማምረት ሲያወሩት ቀላል ነው። ድንጋዩን ትፈልጪያለሽ፣ ትሰብሪያለሽ፣ ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ታሞቂዋለሽ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፣ ኖራው ይቀራል። ግን ሒሳቡን እዪው። 100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ብታስገቢ የምታገኚው 56 ኪሎ ኖራ ነው። 44 ኪሎው በጭስ ማውጫው ወጥቶ ይሄዳል። ስለዚህ ለአንድ ቶን ኖራ ወደ 1.8 ቶን ድንጋይ ያስፈልጋል። በተግባር ደግሞ ከዚያም በላይ ትቆፍሪያለሽ፣ ምክንያቱም ድንጋዩ ሲሰበር የሚወጣው ደቃቁ ክፍል ብዙ ምድጃ ውስጥ አይገባም፤ ከገባ የአየሩን መተላለፊያ ይደፍናል። ድንጋዩን ሩቅ ወስዶ ማቃጠል ማለት ግማሽ የሚጠጋውን ጭነት ለጭስ ብሎ ማጓጓዝ ነው። ለዚህ ነው ምድጃው አብዛኛውን ጊዜ ከድንጋይ ካባው አጠገብ የሚተከለው።

ከዚያ ነዳጅ አለ። ድንጋዩን ለመለወጥ ብቻ፣ ምንም ሙቀት ባይባክን እንኳ፣ ለአንድ ቶን ኖራ ወደ 3.2 ጊጋጁል ጉልበት የግድ ነው። ተፈጥሮ ያስቀመጠችው ወለል ነው፣ ከዚያ በታች ማንም አይወርድም። ጥሩ የሚባሉት ሁለት ጉድጓድ ያላቸው ቀጥ ያሉ ምድጃዎች፣ አንዱ ሲነድ የሌላው ድንጋይ በወጪው ሙቀት እየሞቀ የሚጠብቅባቸው፣ ከ3.2 እስከ 4.2 ጊጋጁል ይሠራሉ። ረጅሙ ዟሪ ምድጃ ግን ከ6 እስከ 9 ይበላል። እንግዲህ ሁለት ፋብሪካ አንድ ዓይነት ኖራ እየሸጡ አንዱ የሌላውን እጥፍ ነዳጅ ሊያቃጥል ይችላል። ነሐሴ 2022 ላይ በአውሮፓ ጋዝ በሜጋዋት ሰዓት ከ300 ዩሮ ሲያልፍ ይሄ ልዩነት የትርፍና የኪሳራ ጉዳይ ሆነ። ሻጮቹም በደረሰኙ ላይ የነዳጅ ጭማሪ የሚል መስመር ለብቻው መጻፍ ያዙ። ያኔ የወጣው ዋጋ ከፍላጎት ጋር ብዙም አይገናኝም። የጨመረው የጋዙ ሒሳብ ነው።

ሦስተኛው ነገር ማከማቸት ነው፤ ለምን የዓለም ገበያ ላይ እንደማይቀርብ የሚያስረዳሽም እሱ ነው። መዳብ መጋዘን ውስጥ አሥር ዓመት ቢቀመጥ መዳብ ነው። ውሃ ያልነካ ኖራ ግን ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ይበላሻል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል። ብዙ ውሃ ካገኘ ሙቀቱ አጠገቡ ያለውን እንጨትና ወረቀት እስከማቀጣጠል ይደርሳል። ዝናብ ያስገባ ፉርጎ አደጋ ነው። ስለዚህ ማንም «ዋጋው እስኪወጣ ላስቀምጠው» ብሎ ክምችት አይዝም። ክምችት ከሌለ ደግሞ በመጋዘን ደረሰኝ የሚነገድበት ገበያ አይኖርም። ዛሬ የተቃጠለው በሳምንታት ውስጥ መሸጥ አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሪፖርቶቹ ስለማያነሱት። ኖራ ሁሉ አንድ አይደለም። ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን ያህል ቶሎ ከውሃ ጋር እንደሚሠራ ነው። በአውሮፓ ደረጃ ያለው ሙከራ እንዲህ ነው፦ 20 ዲግሪ ላይ ያለ 600 ግራም ውሃ ታዘጋጃለሽ፣ እየተማሰለ 150 ግራም የተፈጨ ኖራ ትጨምሪያለሽ፣ ቴርሞሜትሩ 60 ዲግሪ እስኪደርስ ሰዓት ትይዣለሽ። ለስላሳ የተቃጠለው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል። ከመጠን በላይ የተቃጠለው ቀዳዳዎቹ ስለተዘጉ ይዘገያል፣ ደቂቃዎች ይፈጃል። የብረት ፋብሪካ የመጀመሪያውን ይፈልጋል። አንዳንድ የጡብና የብሎኬት አምራች ደግሞ ሆን ብሎ ዘገምተኛውን ይመርጣል። ከድንጋይ ከሰል ወይም ከፔትሮሊየም ኮክ የሚመጣው ድኝም ወደ ኖራው ይገባል፣ ብረት አቅላጩም እሱን አይፈልግም። ስለዚህ በወረቀት ላይ ትርፍ አቅም ያለው አገር እንኳ ለብረት የሚሆን ኖራ ሊያጥረው ይችላል።

አቅላጭ

ምድጃ_ዳር ያለው ልክ ነው፣ እኔ በብረቱ በኩል ልምጣ። ፍላጎቱን የሚያንቀሳቅሰው ማነው ላልሽው፣ ከሁሉም ትልቁ ብረት ነው። ሁለተኛው ሩቅ ነው።

በኮንቨርተር ውስጥ፣ ማለትም ኦክስጅን በሚነፋበት ማቅለጫ፣ ለአንድ ቶን ብረት እንደ ማዕድኑ ዓይነት ከ30 እስከ 60 ኪሎ ኖራ ይገባል። ሥራው ቆሻሻ መያዝ ነው። ኦክስጅኑ ሲነፋ ሲሊኮኑና ፎስፈረሱ ይቃጠላሉ፣ የሚወጣው ደግሞ አሲድ ባሕርይ ያለው ነገር ነው። ያዥ ካላገኘ ፎስፈረሱ ተመልሶ ብረቱ ውስጥ ይገባል፣ ብረቱም በብርድ ጊዜ ተሰባሪ ይሆናል። ኖራው ቀልጦ እነዚህን ይዞ ከላይ ይንሳፈፋል። ስላግ የምንለው ይሄ ነው። ኖራው ዶሎማይት ከሚባለው ማግኒዥየም ያለበት ድንጋይ የተሠራ ከሆነ ደግሞ የማቅለጫውን የውስጥ ጡብ እንዳይበላ ይጠብቃል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በሃያ ደቂቃ ገደማ ነው፤ ኖራው ቶሎ ካልሟሟ ጊዜው ያልፋል። ለዚህ ነው ስለ ለስላሳ አቃጠሉ የምንጨነቀው። ዱቄት ከበዛበት ደግሞ የሚወጣው ጋዝ ይዞት ይሄዳል፣ የከፈልሽበት ኖራ ማጣሪያው ላይ ይገኛል።

አሁን መጠኑን አስቢው። ዓለም በዓመት ወደ 1.9 ቢሊዮን ቶን ብረት ያመርታል። ከሱ ከግማሽ በላዩ ቻይና ነው። ከዓለም ኖራም በአብዛኛው ግምት ወደ 300 ሚሊዮን ቶን የሚሆነው ቻይና ውስጥ የሚቃጠል ነው። አሜሪካ ሁለተኛ ነች ይባላል፣ ግን 17 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነው የምታመርተው። ርቀቱን አየሽው? ስለዚህ «የዓለም ፍላጎት በዚህን ያህል በመቶ አደገ» የሚል ሪፖርት ስታዪ ቻይናን ከሱ ቀንሰሽ አንብቢው። የቻይና ብረት በ2020 ከ1 ቢሊዮን ቶን አልፎ ነበር። ከ2021 ጀምሮ የቤት ግንባታው ሲቀዛቀዝ ማደጉን አቆመ። ያ ብቻ የዓለምን ድምር ወደፈለገበት ይወስደዋል፣ አውሮፓ ወይም ብራዚል ያለ አምራች ግን ላይሰማው ይችላል።

የኤሌክትሪክ ማቅለጫ ይቀንሰዋል ወይ ላልሽው፣ መልሱ «ይቀንሳል፣ ግን እንደሚወራው አይደለም» ነው። አሜሪካ ውስጥ ወደ 70 በመቶ የሚሆነው ብረት በኤሌክትሪክ ማቅለጫ ነው የሚሠራው፣ ብረት ግን አሁንም የአገሪቱ ትልቁ የኖራ ገዢ ነው። ንጹሕ ውዳቂ ብረት ብታቀልጪ ኖራው ያንሳል። ችግሩ ንጹሕ ውዳቂ በቂ አይደለም። ጥሩ ጥራት ያለው ብረት ለመሥራት ማዕድኑን ሳያቀልጡ በጋዝ፣ ወደፊትም በሃይድሮጅን የሚሠሩትን ስፖንጅ ብረት መቀላቀል ይመጣል። ያ ደግሞ ከማዕድኑ ያልወጣ ሲሊካ፣ ማለትም አሸዋ መሰል ቆሻሻ፣ ይዞ ነው የሚመጣው። በረጅሙ የከሰል ማቅለጫ ይሄን ሲሊካ ቀድሞ የሚወስደው የዚያው ስላግ ነበር። አሁን ግን ኤሌክትሪክ ማቅለጫው ውስጥ ይደርሳል፣ ሲደርስም ኖራ ይጠይቃል። የማዕድኑ ጥራት በወረደ ቁጥር የሚጠይቀው ይጨምራል። እኔ «አረንጓዴ ብረት ኖራን ይገድለዋል» የሚለውን አልቀበልም። ቦታውን ያዛውረዋል። ከወደቡ ዳር ካለው ትልቅ ፋብሪካ ወደ ርካሽ ኤሌክትሪክ ይሄዳል። እዚያ ደግሞ ምድጃ ላይኖር ይችላል።

ማዕድን_ቤት

ብረቱ ላይ ብዙ ተባለ። እኔ የማየው ማዕድን ማውጫዎቹን ነው፣ እዚያ ነው እድገቱ ያለው ብዬ አምናለሁ።

ወርቅ በሳያናይድ ሲወጣ ውሃው ከፍ ያለ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ከፍ ሲል አሲድነቱ ይቀንሳል) ሊኖረው ይገባል፣ ብዙ ጊዜ ከ10 በላይ። ከወረደ ሳያናይዱ ወደ መርዛማ ጋዝ ይለወጣል፣ ሰው ይገድላል። እዚያ ላይ ኖራ የደኅንነት ዕቃ ነው፣ ሲወደድ ልቀንስ የሚባል አይደለም። መዳብ ደግሞ በፍሎቴሽን፣ ማለትም የተፈጨው ድንጋይ ውሃ ውስጥ በአረፋ እየተንሳፈፈ፣ ሲለይ ኖራው ፒራይት የሚባለውን የብረትና የድኝ ማዕድን ወደ አረፋው እንዳይወጣ ይይዘዋል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ የዓለም የመዳብ ማዕድን ጥራት እየወረደ ነው። ያንኑ አንድ ቶን መዳብ ለማግኘት ከበፊቱ የበለጠ ድንጋይ ይፈጫል፣ ኖራው የሚጨመረው ደግሞ በተፈጨው ድንጋይ ልክ ነው። ስለዚህ መዳብ ባያድግ እንኳ ኖራው ያድጋል። ሊቲየምም አለ። በአርጀንቲና የጨው ሐይቆች ማግኒዥየሙን ለማውጣት ኖራ ወደ ጨዋማው ውሃ ይጨመራል። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ኒኬል በአሲድ ከሚያወጡት ፋብሪካዎች የሚተርፈው አሲድም መጀመሪያ በኖራ ድንጋይ፣ ቀጥሎ በኖራ ነው የሚገደለው።

«ኖራ ሩቅ አይሄድም» በሚባለው ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው፣ በመኪና ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ካለፈ የጭነቱ ዋጋ ዕቃውን ይበላዋል። ባሕር ዳር ላይ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የምዕራብ አውስትራሊያን ነገር እይ። ለአሉሚንየም የሚሆነውን አሉሚና የሚያጣሩት ፋብሪካዎች ብዙ ኖራ ይፈልጋሉ፣ ለረጅም ጊዜም ከአገሩ አምራች ከአድብሪ ይገዙ ነበር። በ2020 ከአጣሪዎቹ አንዱ፣ አልኮአ፣ ውሉን እንደማያድስ አሳወቀ፣ ከባሕር ማዶ ላመጣ ነው አለ። ውሉ በዓመት 70 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ ገቢ ነበረው፣ የአድብሪ አክሲዮንም በዚያው ቀን ተንኮታኮተ። ኖራው በመርከብ የመጣው ዝም ብሎ አይደለም። ገዢው ትልቅ ነው፣ ወደብ አለው፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ይወስዳል። ደግሞ አንድ ሻጭ ላይ መንጠልጠል አልፈለገም። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ነው ነገሩ። ስለዚህ እህቴ፣ አንድን አካባቢ ስታጠኚ መጀመሪያ ማየት ያለብሽ ትልቁ ገዢ ወደብ ላይ ነው ወይስ መሀል አገር የሚለውን ነው። መሀል አገር ያለው ሻጭ ዋጋ ይጨምራል፣ ገዢውም ይከፍላል። ወደብ ላይ ያለው ግን ከሩቁም ጋር ይወዳደራል።

ገበያ_ተከታታይ

በጣም አመሰግናለሁ፣ ብዙ ነገር ተገለጠልኝ። አንድ ያልተነካ ነገር አለ፦ የጭሱ ጉዳይ። ድኙን ከማመንጫ ጭስ ለማውጣት ኖራ ይፈለጋል ይባላል። ከሰሉ ሲዘጋ ያ ገበያ አብሮ አይዘጋም?

ጭስ_ማጣሪያ

ይዘጋል፣ ግን የትኛው ማጣሪያ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ብዙ ሪፖርት እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው።

ከጭስ ድኝ የሚያወጡት ማጣሪያዎች ሁለት ዓይነት ናቸው ልበል። ትልቁ ክፍል እርጥቡ ነው፣ እሱ ግን በአብዛኛው ጥሬውን የኖራ ድንጋይ ፈጭቶ ነው የሚጠቀመው። ያልተቃጠለ፣ ርካሽ። ምድጃ አያስፈልገውም። የተቃጠለውን ኖራ የሚፈልጉት ደረቁና ግማሽ ደረቁ ማጣሪያዎች ናቸው። በትናንሽ ማመንጫዎች፣ ቆሻሻ በሚያቃጥሉ ጣቢያዎችና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በሚወጣበት ቦታ ብዙ አሉ። ስለዚህ «ይሄን ያህል ጊጋዋት ማጣሪያ ይተከላል፣ ስለዚህ ይሄን ያህል ኖራ ይፈለጋል» የሚል ስሌት ስታዪ ማጣሪያው የትኛው ነው ብለሽ ጠይቂ። የሕንድን ተመልከቺ። በ2015 የወጣው መመሪያ የከሰል ማመንጫዎች ሁሉ ድኝ ማጣሪያ እንዲተክሉ ይል ነበር። ቀነ ገደቡ ደጋግሞ ተራዘመ፣ የተተከሉትም በብዛት የድንጋይ ተጠቃሚ ናቸው። ሕጉ በወጣ ማግስት የኖራ ፍላጎት ሠንጠረዥ የሠራ ሰው ምን ይሆናል?

አሜሪካ ሌላ ታሪክ አላት። በ1990 የተሻሻለው የንጹሕ አየር ሕግ የአሲድ ዝናብን ለማቆም ማመንጫዎቹን አስገደደ። በ2011 መጨረሻ የወጣው የሜርኩሪና የመርዛማ ጋዞች ደንብ ደግሞ ደረቁን ማጣሪያ አበዛ። እነዚህ ሁለቱ ለኖራ ምድጃዎች ትልቅ ገበያ ከፈቱ። በኦሃዮ ወንዝ ዳር ደግሞ ማግኒዥየም ያለበትን ኖራ የሚጠቀሙ እርጥብ ማጣሪያዎች አሉ። ለነሱ ተብሎ ኬንታኪ ሜይስቪል ላይ ከመሬት ሥር ድንጋዩ እየተቆፈረ ይቃጠላል፣ በጀልባም በወንዙ ይሄዳል። ከዚያ ከሼል ድንጋይ የሚወጣው ርካሽ የተፈጥሮ ጋዝ መጣ፣ ከሰሉንም ከማመንጫዎቹ ገፋው። ከሰል በ2000ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካን ኤሌክትሪክ ግማሽ ያህል ያመነጭ ነበር፣ በ2023 ወደ 16 በመቶ ወረደ። ለአንድ ማመንጫ ተብሎ የተሠራ ምድጃ ማመንጫው ሲዘጋ ምን ያደርጋል? ወይ ለብረትና ለመንገድ ሥራ ወደሚሆን ኖራ ይዞራል፣ ወይ ይዘጋል። ዋጋው ቶኑ ሳያድግ ለምን ወጣ ላልሽው አንዱ መልስ እዚህ አለ። አዲስ ምድጃ ለመትከል ፈቃዱ ዓመታት ይፈጃል፣ ድንጋዩ ጥሩ የሆነበት ቦታም ጥቂት ነው። ነዳጁ፣ የሰው ጉልበቱና የማጓጓዣው ዋጋ ሲወጣ ሻጮቹ ጭማሪውን ወደ ገዢው ማስተላለፍ ቻሉ፣ ምክንያቱም ገዢው የሚሄድበት ሌላ ሻጭ የለም።

ውሃ ማጣሪያውንም እንዳንረሳ። ከባድ ውሃ ማለስለስ፣ የፍሳሽ ዝቃጭ ማምከን፣ ፒኤች ማስተካከል፣ እነዚህ ከኢኮኖሚው መውጣት መውረድ ጋር ብዙም አይንቀሳቀሱም። ከተማ ውሃ መጠጣት አያቆምም። በቶን ትልቁ አይደለም፣ ግን ብረቱ ሲወርድ ምድጃውን የሚያቆየው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ተፎካካሪው ኮስቲክ ሶዳ ነው። እሱ ዋጋው ከክሎሪን ጋር ስለሚዋዥቅ ሲወደድ ገዢው ወደ ኖራ ይመጣል፣ ሲረክስ ደግሞ ኖራ ማሟሟት አስቸጋሪ ስለሆነ ይሄዳል። ኖራ ማሟሟት ማለት ቧንቧ መድፈን፣ ዝቃጭ ማጽዳት፣ አቧራ መዋጥ ነው። በርካሽነቱ ነው የሚገዛው እንጂ ኦፕሬተሮች ስለሚወዱት አይደለም።

ካርቦን_ሒሳብ

በርዕሱ ያነሳሽውን የካርቦኑን ዋጋ ልጨርስልሽ፣ ለአውሮፓ አምራች ከነዳጁም በላይ የሚያስጨንቀው ወደፊት እሱ ይመስለኛል።

ምድጃ_ዳር ያለውን የ44 ኪሎ ሒሳብ ወደ ዩሮ ቀይሪው። ለአንድ ቶን ኖራ ከድንጋዩ ብቻ ወደ 0.79 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። የነዳጁን ስትጨምሪበት ከአንድ ቶን ያልፋል። የነዳጁን መቀነስ ይቻላል፣ ጋዝ ወይም የእንጨት ብናኝ ታደርጊያለሽ፣ ወደፊት ኤሌክትሪክም። የድንጋዩን ግን ምንም አታደርጊውም። ድንጋዩ ራሱ ነው ጋዙን የያዘው፣ ፀሐይ ብታቃጥለውም ይወጣል። በአውሮፓ የልቀት ንግድ ሥርዓት ውስጥ ኖራ ከ2005 መጀመሪያ ጀምሮ አለ። እዚያ ለሚለቀቀው ለእያንዳንዱ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በየካቲት 2023 ፈቃዱ በቶን 100 ዩሮ ደርሶ ነበር። በዚያ ዋጋ ሁሉን ፈቃድ በገንዘብ መግዛት ቢኖርብሽ ከድንጋዩ ብቻ በእያንዳንዱ ቶን ኖራ ላይ ወደ 79 ዩሮ ይጨመራል። እስካሁን ያልታየው አምራቾቹ ብዙውን ፈቃድ በነጻ ስለሚያገኙ ነው። የነጻው ድርሻ ደግሞ እየቀነሰ ነው።

የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። አውሮፓ በድንበር ላይ የካርቦን ክፍያ ስትጀምር መጀመሪያ የዘረዘረቻቸው ሲሚንቶ፣ ብረት፣ አሉሚንየም፣ ማዳበሪያ፣ ሃይድሮጅንና ኤሌክትሪክ ናቸው። ኖራ በዚያ ዝርዝር የለም። የማዕድን_ቤት የአውስትራሊያ ምሳሌ እዚህ ላይ ይሠራል፦ ወደብ ዳር ያለ ገዢ ከኅብረቱ ውጭ ካለ ምድጃ ኖራ ቢያመጣ ክፍያው አይነካውም። የአገር ውስጡ ግን ይከፍላል። ያኔ የምናየው ልቀት መቀነስ ሳይሆን ልቀት ቦታ መቀየር ነው፣ እኔ ይሄ ትክክል ነው ብዬ አላምንም።

መፍትሔው ጋዙን መያዝ ብቻ ነው። ቤልጅየም ሊክስ ላይ ሌላክ በሚባለው ፕሮጀክት የተሞከረው መንገድ ደስ ይላል። ድንጋዩ ተፈጭቶ በረጅም የብረት ቱቦ ውስጥ ይወርዳል፣ እሳቱ ከቱቦው ውጭ ነው። ስለዚህ ከድንጋዩ የሚወጣው ጋዝ ከነዳጁ ጭስ ጋር ሳይቀላቀል ንጹሕ ሆኖ ከላይ ይወጣል፣ የሚለይ ነገር የለውም። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ጋዙን ወስዶ የሚቀብር ቧንቧና መርከብ ምድጃው ካለበት ገጠር ድረስ ይደርሳል ወይ?

ጎን ለጎን ደግሞ ኖራ አዲስ ገዢ እያገኘ ነው፣ ጋዙን ከአየር የሚይዙትን ማለቴ ነው። ኤርሉም የሚባለው ኩባንያ በ2023 መጨረሻ ካሊፎርኒያ ትሬሲ ላይ የከፈተው ጣቢያ ኖራውን በትሪ ዘርግቶ ከአየሩ ካርቦን ያጠጣዋል፣ ከዚያ መልሶ ያቃጥለዋል። አቅሙ በዓመት እስከ 1,000 ቶን ነው፣ ትንሽ ነው። ኖራውን ደጋግሞ ስለሚጠቀምበትም ትልቅ ገዢ ይሆናል ብዬ አልጠብቅም።

ባለቤትነቱም እየጠበበ ነው። የቤልጅየሞቹ ሎይስትና ካርሜዝ፣ የካናዳው ግሬይሞንት፣ እነዚህ የቤተሰብ ወይም የግል ኩባንያዎች ናቸው፣ እንደ አክሲዮን ገበያ ኩባንያ ሒሳባቸውን በየሩብ ዓመቱ አይዘረግፉም። ለዚህም ነው መረጃ የሚያጥርሽ። የእንግሊዙ ሲግማሮክ ደግሞ በ2021 የፊንላንዱን ኖርድካልክን፣ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ሲአርኤች የሚባለውን የግንባታ ዕቃ ኩባንያ የአውሮፓ የኖራ ሥራዎች ገዝቷል። የካርቦኑን ወጪ የሚሸከመው ትልቅ ከሆነ ብቻ ነው የሚል ስሌት ይመስለኛል።

ገበያ_ተከታታይ

አሁን በደንብ ገባኝ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ሪፖርቶቹ ለምን እርስ በርስ ይጋጫሉ?

ምድጃ_ዳር

የሚቆጥሩት ስለማይመሳሰል። ኖራ ከሚቃጠለው ብዙው ጭራሽ አይሸጥም። ለመስታወት የሚሆነውን ሶዳ አሽ የሚሠሩት ፋብሪካዎች የራሳቸው ምድጃ አላቸው። የቢት ስኳር ፋብሪካም እንዲሁ፣ እሱ እንዲያውም ኖራውንም ጋዙንም ነው የሚፈልገው፤ ኖራውን ከጭማቂው ጋር ይቀላቅላል፣ ከዚያ በዚያው ምድጃ ጋዝ መልሶ ያዘቅጠዋል። የወረቀት ፋብሪካ ደግሞ ኖራውን ተጠቅሞ ጭቃውን ያቃጥላል፣ እንደገና ይጠቀማል፣ አንድ ዓይነት ካልሲየም ሲዞር ይኖራል። አንዱ ሪፖርት ይሄን ሁሉ ይደምራል፣ ሌላው ለገበያ የወጣውን ብቻ ይወስዳል። አንዳንዱ ውሃ የነካውንና ዶሎማይቱንም ይጨምራል። ሪፖርት ስትከፍቺ መጀመሪያ ትርጓሜውን የጻፉበትን ገጽ ፈልጊ፣ ከሌለ ዝጊው።

አቅላጭ

በዚያ ላይ የቻይናን ካርባይድ ጨምሪበት። ብዙ አገር የፕላስቲክ ቧንቧ የሚሠራበትን ፒቪሲ ከነዳጅ ዘይትና ከጋዝ ያመጣዋል። ቻይና ግን አብዛኛውን ከካልሲየም ካርባይድ ነው የምትሠራው፦ ኖራና ኮክ ከ2000 ዲግሪ አካባቢ በላይ በኤሌክትሪክ ይቃጠላል፣ ካርባይዱ ይወጣል፣ ከዚያ አሴቲሊን። ለአንድ ቶን ካርባይድ ወደ 0.9 ቶን ኖራ ይገባል። የቻይናን ድምር ከብረቷ ብቻ ለማስላት ከሞከርሽ በጣም ያንስብሻል፣ የጎደለው ትልቁ ክፍል እዚህ ነው። ስለዚህ ቻይናን ስትከታተዪ ከብረቱ ጎን የፒቪሲውን ምርትም ያዢ። በቻይናው የዳሊያን የሸቀጥ ገበያ ላይ ፒቪሲ በየቀኑ ዋጋ አለው፣ እሱን ማየት ትችያለሽ።